12ቱን ቃላት ፎቶ አንስቻለሁ፤ አሁን ንግዱን ልማር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሥራ ባልደረባዬ ምክር 3,000 ዶላር የሚያወጣ ቢትኮይን ገዝቼ ከኤክስቼንጁ (ከገዛሁበት የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት) ወደ ስልኬ ዋሌት (የገንዘቡን ቁልፍ ወደሚይዘው መተግበሪያ) አዛውሬአለሁ። ዋሌቱ የሰጠኝን 12 ቃላት ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለራሴ ላክሁ፤ ማንም እንዳያነባቸው ብዬም በአማርኛ ፊደል ወረቀት ላይ ገልብጫቸዋለሁ። አሁን ንግዱን መማር እፈልጋለሁ። በ800 ዶላር ሥልጠና የሚሰጥና በየቀኑ ሲግናል (“ይህን ግዙ፣ ያንን ሽጡ” የሚል መልእክት) የሚልክ የቴሌግራም ቡድን አለ። ልግባ? አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም “አብረን እንሥራ” እያለኝ ነው።

ምላሽ፦ ሥልጠናው ይቆየን። ዛሬ ማታ የሚያልቅ ሥራ አለብዎት። 12ቱ ቃላት፣ የማስመለሻ ቃላት የሚባሉት፣ የገንዘቡ ሙሉ ቁልፍ ናቸው፤ ያገኛቸው ሰው ሁሉ ገንዘቡን ሊወስደው ይችላል። አዲስ ዋሌት ከፍተው ቢትኮይኑን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ያዛውሩ። ፎቶውን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። በቴሌግራም ለራስዎ የላኩት መልእክት በድርጅቱ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠሩት “ምስጢራዊ ውይይት” የሚባሉት ብቻ ናቸው። ስልክዎ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ጉግል ወይም ወደ አይክላውድ የሚልክ ከሆነ እዚያም ሌላ ቅጂ አለ። ቴሌግራምዎ በኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ እዚያ። ስንት ቦታ እንደደረሰ በእርግጠኝነት መናገር የማይችሉት ቁልፍ የእርስዎ ብቻ አይደለም።

ያጋነንሁ ከመሰለዎት አንድ ነገር ልጨምር (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2025 መጀመሪያ ላይ ካስፐርስኪ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ድርጅት ስፓርክካት ብሎ የሰየመውን ጎጂ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ በጉግል ፕሌይና በአፕል አፕ ስቶር ላይ በነበሩ መተግበሪያዎች ውስጥ ተሸሽጎ፣ ፎቶዎችን ለማየት ፈቃድ ይጠይቅና በምስሎቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ የማስመለሻ ቃላትን ይለቅም ነበር። ይኸውም ማለት እርስዎ ያነሱትን ዓይነት ፎቶ።

አዲስ ዋሌት ሲከፍቱ የሚያሳስት ነገር አለ። ብዙዎቹ መተግበሪያዎች “አካውንት ጨምር” የሚል ምርጫ አላቸው። እሱን ከተጫኑ አዲስ አድራሻ (ገንዘብ የሚቀበሉበት ረጅም ኮድ) ያገኛሉ፤ አድራሻው ግን የሚወለደው ከዚያው ከአሮጌዎቹ 12 ቃላት ነው። ገንዘቡን ወደዚያ ቢልኩት ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ አዛወሩት እንጂ ከሌባው እጅ አላወጡትም። የሚፈልጉት ፍጹም አዲስ ዋሌት ነው፤ ምልክቱም አዲስ 12 ቃላት ጻፍ ብሎ ማዘዙ ነው።

አሁን ስለ ቃላቱ። በ2013 ቢፕ 39 የሚባል ስምምነት ወጣ። 2,048 ቀላል ቃላት ተመርጠው ተደረደሩ፤ የእንግሊዝኛው ዝርዝር “አባንደን” ብሎ ጀምሮ “ዙ” ላይ ያበቃል። ዋሌትዎ በዘፈቀደ የፈጠረውን እጅግ ረጅም ቁጥር ሰው መጻፍ እንዲችል ወደ 12 ወይም ወደ 24 ቃላት ይተረጉመዋል። ቁጥሩን ወይም ቃላቱን ያገኘ ሰው የትም አገር፣ በየትኛውም ስልክ፣ የእርስዎን ስም ሳያውቅ፣ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ገንዘቡን ያዝዝበታል። የስልኩ መቆለፊያም ሆነ የጣት አሻራው የሚጠብቁት ስልኩን ነው፤ ቃላቱ ስልኩን አይፈልጉትም።

ቅደም ተከተላቸውም የቁጥሩ አካል ነው። ስለዚህ ከ1 እስከ 12 ቁጥር እየሰጡ ይጻፉ። የመጨረሻው ቃል ውስጥ ደግሞ ስሕተት የሚያጋልጥ ትንሽ ማረጋገጫ አለ። ነገር ግን በ12 ቃላት ላይ ይህ ማረጋገጫ ደካማ ነው፤ በስሕተት ከተጻፉ ቃላት ከ16 አንዱ ሾልኮ ያልፋል። ያን ጊዜ ዋሌቱ “ስሕተት” አይልም። ዜሮ የሚያሳይ ሌላ ዋሌት ይከፍትልዎታል፤ እርስዎም ተዘረፍሁ ብለው ይጮኻሉ። ገንዘቡ ግን አንድ ቃል ተስቶበት በቦታው ተቀምጧል። በዚህ ምክንያት ደንግጠው የመጡ ሰዎች በሥራዬ አጋጥመውኛል።

ወደ አማርኛው ፊደል እንምጣ፤ ከፎቶው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። የቢፕ 39 ዝርዝር በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጃፓንኛ፣ በቻይንኛና በጥቂት ሌሎች ቋንቋዎች አለ፤ በአማርኛ የለም። የእርስዎ ቃላት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸውና ሲመልሷቸው በእንግሊዝኛ ሆሄ አንድም ፊደል ሳይዛነፍ መጻፍ አለብዎት። በፊደላችን ሲገለበጡ ግን ሆሄው ይጠፋል። ለምሳሌ “ቀኝ” ማለት የሆነው ቃልና “ጻፍ” ማለት የሆነው ቃል ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ በአማርኛ ፊደል ሁለቱም “ራይት” ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛው እንደነበር በምን ያውቃሉ? ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ቃላት ቢኖሩ በመሞከር ይገኙ ይሆናል፤ ልፋቱ ግን ለምን? ትርጉሙን በአማርኛ መጻፍማ ከዚህም የባሰ ነው። ሌባ እንዳያነብ የተደረገው ነገር ዞሮ ባለቤቱን ይከለክላል። ሌባው እንደሆነ አማርኛ ሊያውቅ ይችላል።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት፣ በእርሳስ ይጻፉ። ውኃ ቢነካው የእስክሪብቶ ቀለም ይፈስሳል፣ የእርሳስ ጽሑፍ ግን ይቆያል። ዝርዝሩ ሲሠራ የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ አራት ፊደላት ከሌላው ቃል ጋር እንዳይገጥሙ ተደርጓልና ቦታ ከጠበበ አራቱ ብቻ ይበቃሉ። ይህ በተለይ ብረት ላይ ለሚጽፉ ጥሩ ነው። ቤት ሲቃጠል ወረቀት ወዲያው አመድ ይሆናል፤ የማይዝግ ብረት ለመቅለጥ 1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል፤ ተራ የቤት ቃጠሎ እዚያ አይደርስም። ፊደል መምቻ ብረቶችና ዝርግ የብረት ቁራጭ ከማንኛውም የግንባታ ዕቃ መደብር ይገዛል። ለ3,000 ዶላር ግዴታ አይደለም፤ ገንዘቡ ሲያድግ ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሰጡት የሚገባው ሥራ ነው።

ቅጂው ሁለት ይሁን፤ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች። አንዱ እቤትዎ፣ ሌላው ከሚያምኑት እህት ወይም ወንድም ዘንድ በታሸገ ፖስታ፣ ወይም በባንክ የአደራ ሣጥን። የባንኩን ሣጥን ከመረጡ በውስጡ ያለው ነገር በመንግሥት የባንክ ተቀማጭ ዋስትና እንደማይሸፈን ይወቁ፤ ግን ለወረቀት ቅጂ መጥፎ ቦታ አይደለም። አንድ የእኛ ልማድ እዚህ ላይ አይሠራም፤ በመንገደኛ መላክ። “አዲስ አበባ እናቴ ጋ ይቀመጥልኝ” ብለው ፖስታውን ለማያውቁት ሰው ሻንጣ እንዳይሰጡ። በርበሬ አይደለም፤ ጠፍቶ ቢቀር ሌላ አይላክም፤ ተከፍቶ ቢደርስም መከፈቱን አያውቁም።

ሰዎች ብልሃት ሲጨምሩ ይበላሻል። በጣም የተለመደው 12ቱን ቃላት ከፋፍሎ ሦስት ወረቀት ላይ በማከፋፈል ማንኛውም ሁለት ወረቀት ሙሉውን እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ብልህ ይመስላል። ሒሳቡን ሲሠሩት ግን አንዱን ወረቀት ያገኘ ሌባ 8 ቃላት በእጁ አሉ፤ የጎደሉት 4 ብቻ ናቸው። 2,048ን አራት ጊዜ ቢያባዙት 17 ትሪሊዮን ገደማ ይመጣል፤ ማረጋገጫው ከ16 አሥራ አምስቱን ይጥልና ወደ 1 ትሪሊዮን ይወርዳል። ለሰው የማይቻል፣ ለጠንካራ ኮምፒውተሮች ግን በቀናት ወይም በሳምንታት የሚያልቅ ሥራ ነው። ለሁለት እኩል መክፈል ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ሲጠፋ ሁሉም እንዲጠፋ ማድረግ ነው። በትክክል መከፋፈል ለሚፈልግ ስሊፕ 39 የሚባል ለዚሁ የተሠራ ስልት አለ፤ በእጅ የሚደረገውን ግን ይተዉት። “25ኛ ቃል” የሚባለውንም፣ በማስመለሻ ቃላቱ ላይ ራስዎ መርጠው የሚጨምሩትን የይለፍ ቃል፣ ለጊዜው ይርሱት። እሱን ያስገቡና የረሱ ሰዎችን ማንም ሊረዳቸው አይችልም፤ ምክንያቱም የተሳሳተ 25ኛ ቃልም ቢሆን ባዶ ዋሌት ይከፍታል እንጂ ስሕተት አይልም።

አሁን የዚህ ሁሉ ዋና ነገር። ተሞክሮ ያልታየ መጠባበቂያ መጠባበቂያ መሆኑ አይታወቅም። ገንዘቡን በሙሉ ከማዛወርዎ በፊት በአዲሱ ዋሌት ላይ 20 ዶላር የሚያህል ብቻ ይላኩ። መድረሱን ይዩ። የመቀበያ አድራሻውን በሌላ ወረቀት ይጻፉ። ከዚያ ልብዎ እየፈራም ቢሆን ዋሌቱን ከስልክዎ ሙሉ በሙሉ ያጥፉት። እንደገና ይጫኑት፤ “አዲስ ፍጠር” የሚለውን ትተው “መልስ” የሚለውን ይምረጡ፤ ወረቀቱን ብቻ እያዩ ቃላቱን ያስገቡ። 20 ዶላሩ ከወጣና የጻፉት አድራሻ ከታየ ወረቀቱ እውነተኛ ነው። ካልወጣ የጠፋው 20 ዶላር ነው፤ እሱም ምናልባት በአንዱ ቃል ሆሄ ስሕተት ነውና ይገኛል። አልፎ አልፎ ቃላቱ ትክክል ሆነው ዋሌቱ ባዶ የሚያሳየው ገንዘቡን በሌላ ዓይነት አድራሻ ላይ ስለሚፈልገው ነው፤ በተለይ በአንድ መተግበሪያ ተፈጥሮ በሌላ ሲመለስ። ስለዚህ በወረቀቱ ጥግ ላይ የዋሌቱን ስምና የተከፈተበትን ቀን ይጻፉ። ይህን ልምምድ ሳያደርጉ ትልቅ ገንዘብ አያስገቡ። አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ስለ ክሪፕቶ (ስለ ቢትኮይንና መሰል ዲጂታል ገንዘቦች) ከሚማሩት ሁሉ ጥቅሙ የሚበልጠውም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቡ ለእርስዎ ከፍ ያለ ሲሆን ቁልፉን ከስልክ አውጥቶ ለብቻው በሆነ መሣሪያ መያዝ ይሻላል። የፓሪሱ ሌጀርና የፕራጉ ትሬዞር በጣም የታወቁት ናቸው፤ ከመቶ ዶላር በታች የሚገኙ አሏቸው። የሚገዙት ከአምራቹ ብቻ፤ ከሰው እጅ፣ ከጓደኛም ቢሆን አይሁን። ሣጥኑ ውስጥ ቃላት ታትመው ከመጡ ያ ወጥመድ ነው፤ ትክክለኛ መሣሪያ ቃላቱን እርስዎ ፊት ይፈጥራል እንጂ ይዞ አይመጣም። በ2020 ከሌጀር የደንበኞች መረጃ ተሰርቆ ከ200,000 በላይ ሰዎች ስምና የቤት አድራሻ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ሰዎች በፖስታ የሐሰት መሣሪያና “ቃላትዎን ያረጋግጡ” የሚል ደብዳቤ ደርሷቸዋል። በደብዳቤ ይምጣ በስልክ፣ በእንግሊዝኛ ይናገር በአማርኛ፣ ቃላቱን የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው። ልዩ ሁኔታ የለውም።

ለመነገድ ግን የተወሰነ ገንዘብ ኤክስቼንጅ ውስጥ መቀመጡ አይቀርም፤ እዚያ 12 ቃላት የሉም። እዚያ ያለው የእርስዎ ገንዘብ ሳይሆን ድርጅቱ ለእርስዎ ያለበት ዕዳ ነው። በየካቲት 2014 የቶኪዮው ኤክስቼንጅ ማውንት ጎክስ 850,000 የሚያህል ቢትኮይን ጠፋ ብሎ ተዘጋ። በኅዳር 2022 ኤፍቲኤክስ የተባለው ሌላ ኤክስቼንጅ ኪሳራ አወጀ፤ መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድ በ2024 25 ዓመት ተፈረደበት። ስለዚህ ለንግድ የመደቡት ብቻ እዚያ ይሁን።

የኤክስቼንጁ አካውንት ቁልፍ ይለፍ ቃሉ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ከሁሉ በላይ ኢሜይልዎ ነው፤ ኢሜይልዎን የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ “ረሳሁ” ብሎ ይቀይራል። የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫውን በኤስኤምኤስ አያድርጉት። ሌቦች የስልክ ድርጅቱን ሠራተኛ አታልለው ቁጥርዎን ወደ ሌላ ሲም ካርድ ያዛውሩታል፤ መልእክቱም ወደ እነሱ ይሄዳል። በስልክ ላይ በየ30 ሰከንዱ ቁጥር የሚሰጠውን መተግበሪያ ይጠቀሙ። እሱን ሲያያይዙ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ረጅም ኮድ አለ፤ ብዙ ሰው አልፎት ይሄዳል። ያንን ኮድና የኤክስቼንጁን የማስመለሻ ቁጥሮች ከቃላቱ ጋር ሳይሆን በሌላ ወረቀት ጽፈው ያስቀምጡ። ስልክዎ ባቡር ላይ ሲረሳ ዋጋው ይገባዎታል።

ወደ ሥልጠናው። ካለዎት 3,000 ላይ 800 ቢከፍሉ 2,200 ይቀርዎታል። ወደ ነበሩበት ለመመለስ ብቻ ከ36 በመቶ በላይ ማትረፍ አለብዎት፤ ገና አንድ ነገር ሳይገዙ። ሌላም የማይነግሩዎት ነገር አለ። ብዙ ኤክስቼንጆች ደንበኛ ላመጣ ሰው፣ ያ ደንበኛ በነገደ ቁጥር ከሚከፍለው ኮሚሽን ድርሻ ይሰጣሉ። አሠልጣኙ በእሱ አገናኝ ተመዝገቡ ካለዎት የሚያተርፈው እርስዎ ሲያተርፉ አይደለም፤ ደጋግመው ሲነግዱ ነው። በየቀኑ ሲግናል የሚላከውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የከፋው ደግሞ መሪዎቹ እምብዛም የማይታወቅ ኮይን ቀድመው ገዝተው፣ ለቡድኑ “ግዙ” ብለው፣ ዋጋው ሲዘልል ለራሳቸው አባላት የሚሸጡት ነው።

የተረጋገጠ ወርኃዊ ትርፍ የሚል ቃል ከሰሙ ውይይቱን ይዝጉት። በደቡብ አፍሪካ የተመሠረተው ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል በራሱ በሚነግድ ሮቦት በወር እስከ 10 በመቶ ትርፍ ይሰጥ እንደነበር ይናገር ነበር። የአሜሪካው የግብይት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲኤፍቲሲ በ2022 ሲከሰው ቢያንስ 29,421 ቢትኮይን መሰብሰቡን ገልጿል፤ በጊዜው ዋጋ ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ። ሮቦቱ አልነበረም። ሰዎቹን ያስገቧቸው ባዕዳን አልነበሩም፤ ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ አብሮ የሚያስቀድስ ሰው ነበር። መጀመሪያ የገቡት ተከፍሏቸው ስለነበር በቅንነት ነው የሚመሰክሩት። የእኛ ሰው በዕቁብና በዕድር መተማመንን ስለለመደ ይህ ወጥመድ ለእኛ የተሰፋ ይመስላል።

ታዲያ እንዴት ይማራሉ? በነጻ፣ በዝግታና በትንሽ ገንዘብ። መጀመሪያ የሚማሩት የትዕዛዝ ዓይነቶችን ነው። “አሁን ባለው ዋጋ ግዛ” የሚለው ትዕዛዝ ባለው የሻጭ ዋጋ ሁሉ ያስገዛዎታል፤ “በዚህ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች” በሚለው ግን ዋጋውን እርስዎ ወስነው ይጠብቃሉ። የገዢና የሻጭ ዋጋ ልዩነትን ገበታው ላይ እያዩ አንድ ሳምንት ሳይገዙ ይቀመጡ። ከዚያ የኮሚሽኑን ሒሳብ በራስዎ እጅ ይሥሩ። ለምሳሌ ሲገዙም ሲሸጡም 0.5 በመቶ ይከፈላል እንበል፤ አንድ ዙር 1 በመቶ ነው። በ500 ዶላር በሳምንት ሦስት ዙር የሚነግድ ሰው በዓመት 780 ዶላር ኮሚሽን ይከፍላል። ከመነገጃው ገንዘብ ይበልጣል! ዋጋውን በትክክል ቢገምት እንኳ ይህን አሸንፎ ነው የሚያተርፈው።

ብድር ወስዶ መነገድን፣ ሌቨሬጅ የሚሉትን፣ አይንኩት። ካስያዙት ገንዘብ በ20 እጥፍ ከገቡ ዋጋው 5 በመቶ ሲቃወምዎት ያስያዙት ሁሉ ይወሰዳል፤ ቢትኮይን ደግሞ 5 በመቶ መዋዠቅ የሚያስገርመው ገበያ አይደለም። ሌሊትም እሑድም አይዘጋም፤ ተኝተው ሳለ ያልቃል። ቡድኑ ለአሜሪካ ነዋሪ ያልተፈቀደ የውጭ ኤክስቼንጅ በቪፒኤን (ያሉበትን አገር በሚደብቅ ፕሮግራም) ክፈቱ ቢልዎትም እምቢ ይበሉ። ማስገባቱን ዝም ብለው ይቀበሉዎታል፤ ሲያወጡ መታወቂያ ይጠይቁና አካውንቱ ይታገዳል።

የዋጋውንም ታሪክ ይወቁ። በኅዳር 2021 ቢትኮይን ወደ 69,000 ዶላር ደረሰ፤ ከዓመት በኋላ ከ16,000 በታች ነበር። በጫፉ የገዛ ሰው ገንዘቡን መልሶ ለማየት እስከ መጋቢት 2024 ጠብቋል። በዚያው በ2024 መጨረሻ 100,000 ተሻገረ። ቢትኮይን ከወደቀ ይነሣል የሚለው እምነት ግን ለሌሎቹ ሁሉ አይሠራም፤ ሉና የተባለው ኮይን በግንቦት 2022 መጀመሪያ ከ80 ዶላር አካባቢ ተነሥቶ ወሩ ሳይጋመስ ከአንድ ሳንቲም በታች ገባ፤ እዚያው ቀረ።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ከ3,000ው 200 ዶላር ብቻ ለትምህርት ይመድቡ፤ የቀረው አይነካ። ደብተር ይግዙ። ከመግዛትዎ በፊት ለምን እንደሚገዙ፣ በስንት እንደሚሸጡ፣ ተሳስቼ ከሆነ በስንት እወጣለሁ የሚለውን ይጻፉ፤ ከገዙ በኋላ የሚጻፍ ምክንያት ራስን ማጽናኛ ነው። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ የ200ውን ውጤት ካልነኩት 2,800 ጋር በመቶኛ ያወዳድሩ። ያልተነካው ከበለጠ፣ እኔ የምገምተውም ያንን ነው፣ ንግዱን ትተው መያዙን ይቀጥሉ።

ሲልኩ የሚደርሰውን አደጋ ባጭሩ ልንገርዎት፤ የተላከ ክሪፕቶ አይመለስም። አንዳንድ ጎጂ ፕሮግራሞች የገለበጡትን አድራሻ ሲለጥፉት በሌባው አድራሻ ይተኩታል። ሌላው ዘዴ ደግሞ የእርስዎን ተቀባይ የሚመስል፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የሚገጥም አድራሻ ፈጥሮ ባዶ ዝውውር መላክ ነው፤ በቀጣዩ ጊዜ ከታሪክ ዝርዝርዎ ላይ እሱን እንዲገለብጡ። መካከሉንም ያንብቡ። ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ኮይን) የሚልኩ ከሆነ በትሮን መረብ ይሁን በኢቴሪየም መረብ ከተቀባዩ ጋር ይስማሙ፤ መረቡ ከተለያየ ገንዘቡ ተቀባዩ ወደማያየው ቦታ ይሄዳል። ሁልጊዜ ትንሽ ልከው፣ መድረሱን አይተው፣ ከዚያ ቀሪውን። ጠፍቶብዎት ከሆነና “እናስመልስልዎታለን” የሚል ሰው ከመጣ፣ ያ ሁለተኛው ሌባ ነው።

ግብሩን አይርሱ። በአሜሪካ ክሪፕቶ እንደ ንብረት ነው የሚታየው፤ መሸጥ ብቻ ሳይሆን አንዱን ኮይን በሌላ መለወጥም ግብር የሚጠየቅበት ድርጊት ነው። ከአሮጌው ዋሌትዎ ወደ አዲሱ ማዛወር ግን አይደለም። ከአንድ ዓመት በላይ ይዘው ከሸጡ መጣኔው ይቀንሳል፤ ከስረው ከሆነም ከሌላ ገቢዎ ላይ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር መቀነስ ይቻላል። 1040 በሚባለው የዓመታዊ የገቢ ግብር ቅጽ የፊት ገጽ ላይ ያለውን የዲጂታል ንብረት ጥያቄ በእውነት ይመልሱ። ደብተሩ እዚህም ይጠቅምዎታል።

ቤተሰብ ካለዎት አንድ ደብዳቤ ይጻፉ። ቃላቱ አይኑሩበት፤ ክሪፕቶ እንዳለዎት፣ በየትኛው ዋሌትና በየትኛው ኤክስቼንጅ እንደሆነ፣ ሁለቱ ቅጂዎች የት እንዳሉ፣ ማንን መጠየቅ እንደሚገባቸው ይኑርበት። ቃላቱን በኑዛዜ ውስጥ አይጻፉ፤ ኑዛዜ ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ ማንም ሊያየው የሚችል ሰነድ ይሆናል።

ስለ ወንድምዎ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022፣ በእኛ 2014 ዓ.ም.፣ በአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ የሚደረግ ክፍያ ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ልንገርዎት። አዲስ አበባ ያለ ሰው ክሪፕቶ የሚገዛውና የሚሸጠው በአብዛኛው ከማያውቀው ግለሰብ ጋር ነው፤ ብሩ በባንክ ወይም በቴሌብር ይተላለፋል። የሐሰት የባንክ መልእክት ልኮ ኮይኑን የሚያስለቅቅ አለ። ከተሰረቀ ገንዘብ ላይ የሚከፍልም አለ፤ የዚያ ገንዘብ ባለቤት ሲከስስ የሚታገደው የወንድምዎ አካውንት ነው። ፖሊስ ጋ ሄዶ “ክሪፕቶ ስሸጥ ተታለልሁ” ብሎ ማመልከትም አይመቸውም። “እንግዲያው ገንዘቡን ልላክልህና በአንተ ስም ንገድልኝ” ካለዎትም አይቀበሉ። አካውንቱ በእርስዎ መታወቂያ ነው የተከፈተው፤ ግብሩ በእርስዎ ላይ ነው፤ ሲከስር ደግሞ የምትጣሉት ወንድማማቾቹ ናችሁ።

መማር ከፈለገ ግን የሚከለክለው የለም። ቢትኮይን ለሙከራ ብቻ የተሠራ ቴስትኔት የሚባል መረብ አለው፤ ኮይኑ ዋጋ የለውም፣ በነጻ ይሰጣል፣ መላኩና መቀበሉ ግን እንደ እውነተኛው ነው። እሱ አዲስ አበባ፣ እርስዎ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆናችሁ እየተላላካችሁ፣ ዋሌቱን እያጠፋችሁና ከወረቀት እየመለሳችሁ መለማመድ ትችላላችሁ። ቃላቱን ግን ለልምምድ እንኳ በስልክ እንዳትነባበቡ።